ያ መሬት ባዶ አይደለም

የጣና ዙሪያን ረግረግ የማስተዳደር ኃላፊነት ላለባችሁ የክልላችን መሥሪያ ቤቶች፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፈው ስለ ክሬን ነው፤ የሕንፃ ዕቃ ማንሻውን ማለቴ አይደለም። እኛ ዘንድ ሽመላ የሚላቸው ይበዛል፣ ሽመላ ግን ሌላ ወፍ ናት። እኔ የማወራው ስለነዚያ ግራጫ፣ አንገተ ረጃጅም እንግዶች ነው፤ አዝመራ ሲደርስ መጥተው መጋቢት ላይ የሚሄዱት።

ሰሞኑን መሄጃቸው ነው። ባለፈው ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ግልገል አባይ ጣና ወደሚገባበት ወርጄ ነበር። የሚያድሩት ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ነው፤ ጅብም ሆነ ቀበሮ ቢመጣ ውሃው ሲንቦጫረቅ ይሰማሉ። አንድ ቤተሰብ በጣም ቀረበኝ። እናትና አባት፣ መሀላቸው ደግሞ ራሱ ገና ቡናማ የሆነ ዓመት ያልሞላው ጫጩት፣ እግሩን ከጭቃው እየነቀለ ሲከተላቸው። ጎህ ሲቀድ ሁሉም ጮኹ። ጆሮ ያደነቁራል!

የሚሄዱ ቀን ደግሞ በማለዳ አይነሡም። ፀሐይ መሬቱን እስክታሞቀው፣ እስከ ሦስት አራት ሰዓት ድረስ ይጠብቁና ሙቁ አየር ላይ ክንፋቸውን ዘርግተው እየዞሩ ከፍ ይላሉ፣ ከዚያ ተሰልፈው ወደ ሰሜን፤ በሱዳን፣ በመካከለኛው ምሥራቅ አድርገው እስከ ሩሲያ የሚደርሱ አሉባቸው።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። አምና ካደሩበት ቦታ አንዱ ዘንድሮ ደርቋል። ቦይ ተቆፍሮለት፣ ባሕር ዛፍ ተተክሎበታል። የቆፈሩትን ስጠይቅ «ባዶ መሬት እኮ ነው» አሉኝ። ባዶ? በጋ ላይ ሣር ሲጠፋ ከብቱ የሚወርደው የት ነው? የታንኳው ደንገል የሚበቅለውስ? ከኛው ጋር ከርመው እዚሁ የሚፈለፍሉት፣ ራሳቸው ላይ ወርቃማ ዘውድ ያላቸው ጥቁር ክሬኖችም ጎጇቸው እዚያው ረግረጉ ውስጥ ነው፤ እነሱ ደግሞ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ከተጋለጡት ውስጥ ናቸው። ጣናን ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ ሲመዘግብልን ጨፍረናል እኮ፤ ረግረጉ ከሌለ የመዘገበው ምኑን ነው?

አጎቴ ይህን ቢያነብ ይስቅብኛል። ሽምብራው ገና ብቅ ሲል መንጋው ይሰፍርበታል፣ ልጆቹ ከትምህርት ቀርተው ወንጭፍ ይዘው ይውላሉ። እሱን ወፍ ውደድ ማለት ነውር ነው። እስራኤል ውስጥ ሁላ ሸለቆ ላይ ግን ለዓመታት ለክሬኖቹ ብቻ በቆሎ ሲበተንላቸው ቆይቷል፣ የገበሬው ማሳ እንዲተርፍ። ሰው ደግሞ ከፍሎ ሊያያቸው ይመጣል። እኛም ጋ ቢሞከር ምን ይለናል? ቢያንስ የተበላበትን ገበሬ የሚሰማ አንድ ሰው ይመደብ።

አገሩ እንዲህ በሆነበት ሰዓት የወፍ ነገር ታወራለህ የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው፣ ከሰው ሕይወት የሚበልጥ የለም። ግን ቦይ ለመቆፈር ጊዜ ከተገኘ ላለመቆፈር ጊዜ አይጠፋም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ክረምት ላይ ችግኝ ተከላው ሲጀመር ክሬኖቹ የሚያድሩባቸው ቦታዎች ከዕቅዱ ይውጡ፣ በተለይ ባሕር ዛፍ አይተከልባቸው። የተቆፈረው ቦይ ዝናቡ ሳይገባ ይደፈን፣ ውሃው ጥቅምት ላይ ይጠብቃቸው። አካፋ ይዘው ሊወጡ ፈቃደኛ የሆኑ ጎረምሶች አሉን። የጎደለን ማኅተም ያረፈበት አንድ ደብዳቤ ነው።

ከግልገል አባይ ዳር፣ አንድ ነዋሪ