ለልጄ፦ ስትረት ባሩን ከመግዛትሽ በፊት ኮፈኑን ክፈቺ

ይድረስ ለልጄ፣

ለጤንነትሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ያው ጉልበቷን ያማታል፣ ግን አርፈሽ ተቀመጪ ሲሏት አትሰማም። በስልክ የጠየቅሽኝን ነገር በስልክ መጨረስ አልቻልንም። አንቺ ስብሰባ አለብኝ አልሽ፣ እኔም መኪና ስር ነበርኩ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ።

ጥያቄሽ "ዲኤክሷ (ቶዮታ ኮሮላዬ) ላይ ስትረት ባር ላስገጥም ወይስ ይቅርብኝ?" የሚል ነው። ማስገጠም ትችያለሽ። ዛሬ ግን አይደለም። ለምን ዛሬ እንዳልሆነ ለማስረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

ኮፈኑን ስትከፍቺ በግራና በቀኝ፣ ከጎማዎቹ በላይ፣ ሁለት ጉብ ያሉ የላሜራ ትከሻዎች አሉ። የፊቱ ሾክና ሞላ ጫፍ የታሰረው እዚያ ነው። ስትረት ባር እነዚህን ሁለት መቀመጫዎች ከዳር እስከ ዳር የሚያያይዝ ብረት ነው፣ በቃ። ሻጩ "ሻንሲውን በሙሉ ያጠነክረዋል" ካለሽ ጨምሮበታል። ባሩ የሚይዘው የፊቱን ላይኛ ክፍል ብቻ ነው። ወለሉን፣ በሩን፣ የኋላውን አያውቃቸውም።

ደግሞስ ያንቺ መኪና የቱ ጋ ነው ሻንሲዋ? ላንድክሩዘርና ሃይሉክስ ከስር ራሱን የቻለ ወፍራም ሻንሲ አላቸው፣ ቦዲው ከላይ ይታሰርበታል። ኮሮላ እንደዚያ አይደለችም። ቦዲዋ ራሱ ሻንሲዋ ነው። ይህን መንገድ በ1922 እ.ኤ.አ. ጣሊያኖቹ ላንቺያ ላምዳ በምትባል መኪና ጀመሩት፣ ዛሬ አብዛኛው የቤት መኪና እንደዚያ ነው የሚሠራው። ላሜራው ቀጭን ቢሆንም ተጣጥፎና ተበይዶ ሳጥን ሲሆን ይጠነክራል። የሞተሩ ክፍል ግን ክዳኑ የተነሳ ካርቶን ነው። ከላይ ክፍት ስለሆነ ለመጣመም ይቀለዋል። ኮፈኑ በማጠፊያና በመቆለፊያ ብቻ ስለተያዘ ለጥንካሬው አይረዳም።

አሁን ወደ ሾኩ ልምጣ። ያንቺ ዲኤክስ የፊት እግር አሠራር ማክፈርሰን ይባላል። ኧርል ማክፈርሰን አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። ጄነራል ሞተርስ ውስጥ ካዴት ለምትባል ትንሽ ሼቭሮሌ አስቦት ነበር። መኪናዋ ሳትወጣ ፕሮጀክቱ ተሰረዘና ሰውየው በ1947 ወደ ፎርድ ሄደ። ከዚያ የእንግሊዝ ፎርድ በ1950 ባወጣቸው ኮንሰልና ዜፊር ላይ ሥራው መንገድ ላይ ወጣ። ቶዮታም ከመጀመሪያዋ የ1966 ኮሮላ ጀምሮ ተጠቀመበት። ሾኩና ሞላው አንድ ላይ ቆመው የጎማውን አቋም ይይዛሉ፣ ከስር አንድ ክንድ ብቻ ይበቃቸዋል። ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ቦታ አይፈጅም። ታዲያ በነፃ አልተገኘም። ላይኛው ክንድ ስለሌለ ጎማው ወደ ጎን ሲገፋ የላይኛውን ጉልበት የሚቀበለው ያ የላሜራ ትከሻ ነው።

ኩርባ ስትይዢ ክብደቱ ወደ ውጭኛው ጎማ ያደላል። ያኛው መቀመጫ ከወዲያኛው ይልቅ ይጨነቃል። ላሜራው በጥቂቱ እንኳ ከተለመጠ ጎማው መሬት ላይ የሚቆምበት ማዕዘን ይቀየራል፣ አንቺም መሪው የሰነፈ ይመስልሻል። ባሩ ሲኖር የተጨነቀው መቀመጫ ጭነቱን ለሌላው ያካፍላል። የባሩ ሥራ ይኼው ነው፣ እውነትም ይሠራል። ነገር ግን ሁለቱም መቀመጫዎች አብረው ወደ አንድ ጎን ቢያዘነብሉ ባሩም አብሯቸው ይሄዳል፣ አይከለክላቸውም። ለዚያ መድኃኒቱ ሦስተኛ እግር ያለው ባር ነው፣ ከሹፌሩ ፊት ካለው ግድግዳ ጋር የሚታሰር። ከቻልሽ እሱን ፈልጊ።

የፋብሪካ ሰዎችም ይህን ያውቁታል። በ1960ዎቹ ፎርድ ሙስታንግን ከአሜሪካ ውጭ ሲልክ ሁለቱን የሾክ ትከሻዎች ከግድግዳው ጋር የሚያያይዝ ብረት ይጨምርላት ነበር። የውጭው መንገድ ይብሳል ብለው ነው። የ1965ቷ ሼልቢ ጂቲ350 ደግሞ ያንንም፣ ከትከሻ ትከሻ የሚሄደውንም ባር ይዛ ነበር። ሰው ባሩን የእሽቅድምድም ጌጥ ያደርገዋል እንጂ መጥፎ መንገድም አንዱ ምክንያቱ ነው። ጉድጓዱንና ምልክት የሌለውን የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ለኛ አገር ሹፌር ማስረዳት አያስፈልግም።

አንቺ ግን ምን አልሽኝ? "ኩርባ ላይ ትዋዥቃለች፣ ጉድጓድ ስገባ ኳ ትላለች፣ የግራው ጎማ በውስጥ በኩል ይበላል።" ልጄ፣ ይሄ የባር ጉዳይ አይደለም። ኳ የሚለው ወይ የክንዱ ጎሚኒ (ክንዱ በሚታሰርበት ላይ ብረት ከብረት እንዳይጋጭ የሚገባው ጎማ)፣ ወይ የሾኩ ላይኛ መቀመጫ ጎማ ያለቀ ነው። ጎማ በውስጥ መበላቱ አላይመንቱ (የጎማዎቹ አቅጣጫና ማዕዘን) ተበላሽቷል ወይም የሆነ ነገር ተጣሟል ማለት ነው። በላላ ጎሚኒ ላይ ባር ብታስሪበት ከላይ አጥብቀሽ ከታች ትለቂያለሽ። ጎማው ያው እንደፈለገ ይሄዳል። ከአዳማ አዲስ አበባ በፈጣኑ መንገድ የምትመላለሺ ሰው፣ ያውም መንገዱ ገመድ የመሰለ፣ ባሩን ልብ የምትዪበት ቦታም ብዙ የለም።

ስለዚህ መጀመሪያ ጎሚኒ። ቀጥሎ የሾክ መቀመጫው ጎማና ኩሽኔታው። ከዚያ አራት ደህና ጎማ፣ በትክክለኛ ንፋስ። ከዚያ አላይመንት። ይህን ጨርሰሽ ስትነጃት ምናልባት ባሩን ትረሺዋለሽ።

ካልረሳሽው ደግሞ ላሜራውን እንይ። ዲኤክሷ በ1979 እ.ኤ.አ. የወጣው ዝርያ ናት፣ ካንቺ በዕድሜ ትበልጣለች፣ አክብሪያት። (ዋጋዋን ስሰማ ግን አሁንም ይገርመኛል። በዚያ ገንዘብ ድሮ ቤት ይሠራ ነበር።) የመቀመጫዎቹን ዙሪያ በጨርቅ ጥረጊና በባትሪ እዪ። ቀለሙ በቀጭኑ ተሰንጥቋል? ብየዳው ላይ ዝገት አለ? ጠፍጣፋ መሆን ያለበት ላይኛው ፊት ወደ ላይ አብጧል? ከስርም፣ ጎማውን ፈትተሽ፣ ጭቃውን አጥበሽ እዪ። ዝገቱ የሚጀምረው ጭቃ ከሚቀመጥበት ነው። ከነዚህ አንዱ ካለ ባር የለም፤ ብየዳና ላሜራ ሠሪ ነው የሚያስፈልግሽ። የበሰበሰ ላሜራ ላይ የታሰረ ባር ጉልበቱን ወደ ደካማው ጎን ይወስድና ስንጥቁን ያፋጥነዋል።

አንድ ቀላል መፈተኛ አለ። ሜዳ ላይ አቁሚያትና በሁለቱ መቀመጫዎች ላይ በማርከር ነጥብ አድርጊ። መካከላቸውን በሜትር ለኪ። አሁን የአንዱን ጎን የፊት ጎማ በክሪክ ከመሬት አንሺና እንደገና ለኪ። በደህና ቦዲ ላይ ልዩነቱ በሜትር ለማየት ያስቸግራል። ቁጥሩ ፊት ለፊትሽ ከተቀየረ ያ ቦዲ ይላወሳል።

ስለ ባሩ ምርጫ ደግሞ፣ ቀጥ ያለውን ውሰጂ። ባር የሚሠራው ሲገፋና ሲሳብ ነው፤ ፊልትሮውን ለማለፍ ቀስት ሆኖ የተጣመመ ቧንቧ ሲገፋ ይታጠፋል። ጫፉ ላይ የሚላወስ ማጠፊያ ያለውም ከአንድ ወጥ ብየዳ ያንሳል። የአሉሚኒየሙ ማማር ዓይን ይስባል፣ እኔ ግን ጫፉን ነው የማየው። ለሌላ መኪና የተሠራ ሆኖ "ቀዳዳውን በድሪል እናሰፋዋለን" ካሉሽ እግርሽን አውጪ።

ስትገጥሚው እንዲህ አድርጊ። መኪናዋ በጎማዋ ሜዳ ላይ ትቁም። በክሪክ ላይ እያለች አይሆንም፣ ሾኩ ተንጠልጥሎ ስለሚቆይ ቦዲው የተለመደ ቦታው ላይ አይደለም። ሞተሩ ይቀዝቅዝ። መቀመጫው ዙሪያ ያሉትን ትንንሽ ዳዶዎች ብቻ ትፈቻለሽ። መሀል ላይ ያለውን ትልቁን ዳዶ እንዳትነኪው! ታምቆ የተቀመጠውን ሞላ የያዘው እሱ ነው። በሱ የተጎዳ ሰው አውቃለሁ፣ ከዚህ በላይ አልነግርሽም።

የባሩን ሳህን አስገቢና ዳዶዎቹን በእጅ ብቻ ያዢያቸው። የብሎኑ ጥርስ ከዳዶው በላይ ወጥቶ መታየት አለበት። ሳህኑ ወፍሮ ጥርሱ ከጎደለ እዚያው አቁሚ፣ በግድ የሚሆን ነገር አይደለም። በሁለቱም ወገን እንደዚያው ካደረግሽ በኋላ መሀሉን ብረት ግጠሚ። ብሎኑ ሳይገፋ፣ ሳይሳብ፣ በራሱ መግባት አለበት። ርዝመቱ የሚስተካከል ከሆነ እስኪገባ ድረስ አስተካክዪው እንጂ በባሩ ላሜራውን ለመግፋት አትሞክሪ። ከዚያ ግራ ቀኝ እያፈራረቅሽ አጥብቂ። ብሎኖቹ ቀጭን ናቸው፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው የቶርክ ቁልፍ ይሁን። ረጅም ቧንቧ ጨምረሽ ብትስቢ ይበጠሳሉ።

ኮፈኑን ከመዝጋትሽ በፊት ከባሩ ላይ ትንሽ ሊጥ ለጥፊ። ቀስ ብለሽ ዝጊና ክፈቺ። ሊጡ ከተጨፈለቀ ባሩ ኮፈኑን ይነካዋል። ገመድና ቱቦ እንዳይታከክም እዪ። ጥቂት ቀን ከነዳሽ በኋላ ሁሉንም ዳዶ መልሰሽ ፈትሺ። ዳዶዎቹ ተፈትተው ስለነበር አላይመንቱንም አሳዪ።

ሁለት ነገር ልጨምርና ልተውሽ። ባር የታሰረባት መኪና በአንድ ወገን በኃይል ከተመታች ጉዳቱ በባሩ በኩል ወደ ወዲያኛው መቀመጫም ሊሄድ ይችላል። ላሜራ ሠሪው የሁለቱንም ወገን ዋጋ ይጠይቅሻል። ሁለተኛው፣ ያ ልጅ ሞላውን ቆርጠን ዝቅ እናድርጋት ያለሽን በፍጹም እንዳትሰሚው። ሞላ ከተቆረጠ ሾኩ ለመሥራት ቦታ ያጣል፣ ጉድጓድ ላይ መጨረሻው ደርሶ ይመታል፣ ያ ምት በቀጥታ ያንኑ የላሜራ ትከሻ ያገኘዋል። በባር ልናድነው የፈለግነውን በመጋዝ መግደል ነው።

አሁን የግራውን መቀመጫ ፎቶ አንሺልኝ፣ ከላይም ከስርም፣ ፍላሹን አብርተሽ። ጎሚኒውን ሶማሌ ተራ እኔ እፈልገዋለሁ፣ አንቺን እዚያ ካዩሽ ዋጋውን ይሰቅሉብሻል። በሚቀጥለው ስትመጪ ጠዋት ድረሺ፣ ከሰዓት በኋላ ጋራዡ ይጣበባል። እናትሽ ሽሮና በርበሬ አዘጋጅታልሻለች፣ ጆንያው ከኋላ ስለሚቀመጥ የኋላውን ጎማ ንፋስም አይተሽ ነይ።

አባትሽ