ያቺ የከሰል ካውያ

ወንድምዬ እንዴት ነህ ባክህ፣ እማማስ ደህና ናቸው? አራት ዓመት ሙሉ ጠፍቼ ዛሬ ድንገት ስጽፍልህ ብትቆጣም አልፈርድብህም። አባባ ማረፋቸውን የሰማሁት በሁለት ሳምንቱ ነው፣ ያኔውኑ መደወል ሲገባኝ አሁን ደውዬ ምን እላለሁ ብዬ ተውኩት፣ ሁለት ሳምንቱ ሁለት ወር ሆነ፣ ቆይ ለሙት ዓመታቸው ስል እሱም አለፈ፣ በኋላማ ስምህን ስልኬ ላይ ሳየው ራሱ ማፈር ጀመርኩ። ሌላ ሰበብ የለኝም።

እኔ አሁንም እዚሁ ጃፓን፣ ኪዮቶ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሽማግሌ አናጢ ጋ ሳጥን መስራት እየተማርኩ ነው፣ አትሳቅ። ጎረቤቴ ያሉ አሮጊት የሻይ ስርዓት ያስተምራሉ፣ የእቃ መያዣ ሳጥናቸው አርጅቶባቸው አየሁና እኔ ልስራልዎት የሚል ቃል ከአፌ አመለጠኝ። ሳጥኑን ቻባኮ ይሉታል። የሻይ ስርዓቱን የሀገር ልጅ ሁሉ "እንደኛ ቡና ነው አይደል?" ይለኛል፣ ለኔ ግን ብዙም አይመሳሰልም፣ ቡና ላይ ሰው የሚሰበሰበው ለወሬ ነው፣ እዚህ ዝም ብለህ ውሃው ሲፈላ ነው የምታዳምጠው፣ ያውም ተንበርክከህ! በ1872 ገንገንሳይ የሚባለው፣ ኡራሰንኬ የተባለው የሻይ ስርዓት ቤት 11ኛ አለቃ፣ ለውጭ እንግዶች ብሎ በወንበር የሚደረገውን ባያመጣ ኖሮ ጉልበቴ አልቆለት ነበር። ከዚች ሳጥን ሻይ የሚቀርብበትን ስርዓት ያወጣውም እሱ ነው።

እንጨቱ ኪሪ ይባላል። ዋንዛ የለመደ እጅ ሲያነሳው ባዶ ካርቶን ነው የሚመስለው። ድሮ ሴት ልጅ ስትወለድ ይተክሉትና ስትዳር ቆርጠው የልብስ ሳጥን ያሰሩላት ነበር አሉ። ሚስማር የለም፣ ጥርስ በጥርስ ነው የሚጋጠመው፣ ኮላው ራሱ ከተቀቀለ ሩዝ የሚላቆጥ ነው። መጋዙም መላጊያውም ወደራስህ ስትስበው ነው የሚቆርጠው፣ እኔ ደግሞ እጄ የአባባን አገፋፍ ስለሚያስታውስ አንድ ወር ሙሉ ስገፋ ኖርኩ። ልኩ ደግሞ አይምርም፣ ናትሱሜ የሚሏት የሻይ ዱቄት መያዣ ጎድጓዳው ሳህን ውስጥ ትገባለች፣ የቀርከሃ መምቻዋ የራሷ ቱቦ አላት፣ ሁሉም አንዱ ካንዱ ተጠጋግቶ ነው የሚቀመጠው። የመጀመሪያው ሳጥኔ 3 ሚሊ ሜትር አጥሮ ክዳኑ ቱቦው ላይ ቆመ። እንደገና ሀ ብዬ ጀመርኩ።

ሁለተኛውን ጨርሼ ክዳኑን በመዳፌ እየዳበስኩ ስኮራ መዶሻ ከእጄ አምልጦ መሃሉን ስርጉድ አደረገው፣ ጥፍር የሚያስገባ ጉድጓድ። ልጥለው ነበር። ሽማግሌው ምንም ሳይናገር ውሃ ጠብ አደረገበት፣ እርጥብ ጨርቅ አነጠፈና የጋለ ካውያ ጫነበት፣ ችስስስ አለ። ሲያነሳው እንጨቱ ተነፍቶ ቦታው ተመልሷል፣ ለካ ክሩ ካልተቆረጠና የተጨፈለቀ ብቻ ከሆነ እንፋሎት ያስነሳዋል።

እኔ ግን ቀልቤ ደሴ ገባ። አባባ የእንጨት ስራ ሱቅ ጥግ ላይ የነበረችው የከሰል ካውያ ትዝ ትልሃለች? ልብስ ሲተኩሱባት አይተናቸው እኮ አናውቅም፣ ጠዋት ጠዋት ከሰል እያስሞሉን "ለምንድናት?" ስንላቸው "ለበሽተኛ ናት" ይሉን ነበር፣ እኛ ደግሞ ሲቀልዱ ይመስለን ነበር። በዚህ እድሜዬ አሁን ገባኝ። ያን ቀን ማታ ነው ልጽፍልህ የተቀመጥኩት፣ ይኸው ሶስት ሳምንት ፈጀብኝ።

ጌጡን በእሳት ነው የሰራነው፣ ላዩን አቃጥለህ ከሳር ስር በታሰረ ብሩሽ ስትፈትገው ለስላሳው ይረግፍና የእንጨቱ መስመር ጎላ ብሎ ይቀራል፣ ጨለማ ውስጥ እንኳ በጣትህ ታነበዋለህ። አሮጊቷ ቆንጆ ነው ምናምን አላሉም፣ ክዳኑን ሶስቴ ከፍተው ሶስቴ ለቀቁት። አየሩ እስኪወጣ ቀስ እያለ በራሱ ነው የሚወርደው፣ እሱን እያዩ ሳቁ።

በል አሁን አንድ ነገር ታዘዝልኝ። የእማማን ሲኒዎች ቁመትና የአፋቸውን ስፋት ለክተህ ላክልኝ፣ ስድስቱንም፣ አንዷ ብቻ ተለክታ የቀሩት እኩል ናቸው እንዳትለኝ። በጣት ሳይሆን በሜትር፣ የአባባ ሜትር ካለች በሷ። ጀበናዋን ተዋት፣ እሷ የምትገባበት ሳጥን እስካሁን አልቻልኩም።