ነፋሱ ዞሮ ነበር

ይድረስ ለአባባ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትልቋ ዘንድሮ ሁለተኛ ክፍል ገባች። ትንሹ የፊት ጥርሶቹ ወልቀዋል። የበሬዎችዎን ፎቶ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፎ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር «የአያቴ ናቸው» እያለ ያሳያል።

ደብዳቤውን በሰው እጅ የላክሁት፣ ፊደሉንም ያተለቅሁት እርስዎ ራስዎ እንዲያነቡት ብዬ ነው። በመሠረተ ትምህርት የቆጠሩትን ፊደል ዓይንዎ ከለየልዎ ብቻዎን ያንብቡት። ካልሆነ እህቴ ታንብብልዎ። ግን እስከ መጨረሻው ያስነብቧት።

ሁሉንም ነግራኛለች። ባለፈው ሳምንት በእኩለ ቀን፣ ብቻዎን፣ የማሳውን ዳር ደረቅ ሣር ሲያቃጥሉ የጋቢዎ ጫፍ ተያያዘ። ጎረቤት ሮጦ ባይደርስ ምን ይሆን ነበር? እኔ ስደውል «ደህና ነኝ» ብለው ስልኩን ለእሷ ሰጡ።

ሞራ የጋረደው ዓይን ይዞ እሳት አይለኮስም፣ አባባ። እግርዎ ሥር እስኪደርስ አያዩትም። ደብረ ብርሃን ሄደው እንዲያስገፍፉ ገንዘቡን ከላክሁ ወር አለፈ። ለማዳበሪያ አውለውት ከሆነ አልቆጣም፣ ሌላ እልካለሁ። ብቻ ይሂዱ።

እዚህ ምን እንደምሠራ ብዙም ጠይቀውኝ አያውቁም። ከኮሎራዶ ወደ ቴክሳስ የጭነት መኪና እነዳለሁ። መንገዱ ሜዳ ነው። የጅሩን ሜዳ ያስቡት፤ ግን የጀማ ገደል የሌለበት፣ ቀኑን ሙሉ ተነድቶ የማያልቅ። አሁን የእነሱ ጸደይ እየገባ ነው። ሣሩን ውርጭ አድርቆታል፣ አዲሱ ገና አልበቀለም። በረዶውም ቀልጦ አልቋል። ሜዳው በሙሉ የአውድማ ገለባ ነው የሚመስለው። በዚያ ላይ ነፋሱ! ባዶ ተሳቢ ያጋድማል። እንዲህ ባለ ቀን «ሬድ ፍላግ» የሚሉት ማስጠንቀቂያ ይወጣል፤ አየሩ ደረቅ፣ ነፋሱ ብርቱ ነው፣ እሳት እንዳትነኩ ማለት ነው። እኛ ሾፌሮች ሰንሰለት አስፋልት እየነካ እንዳይጎተት እንፈትሻለን፣ አንዲት ፍንጣሪ ትበቃለችና። ረጅም ሣር ላይም አንቆምም። የጋለው የመኪና ሆድ ሣሩን ያያይዘዋል።

እርስዎ በአውድማ ላይ ነፋስ ይለምኑ ነበር። መንሹን አስደግፈው፣ ገለባ ቆንጥረው ወደ ላይ ይበትኑና ወዴት እንደሚሄድ ያያሉ። እኔም መኪና ባቆምሁ ቁጥር ሣር ቆንጥሬ እበትናለሁ። ያስተማሩኝን አልረሳሁም። ስለዚህም ስለ ብዙ ሌላ ነገርም አመሰግንዎታለሁ።

በ2016 ዓ.ም. የካቲት 18 በሰሜን ቴክሳስ አንድ የመብራት ምሰሶ ተሰብሮ ሣር አቀጣጠለ። ስሞክሃውስ ክሪክ ይሉታል፣ በቴክሳስ ታሪክ ትልቁ እሳት ነው። ከ400 ሺህ ሄክታር በላይ በላ። በእርስዎ አቆጣጠር ከ10 ሺህ ጋሻ ይበልጣል። ሁለት ሰው ሞተ፤ ከብቱ ከ7 ሺህ በላይ ነው። ከየቦታው ለተረፉት ከብቶች ድርቆሽ ሲላክ እኔም ጭኜ ሄድሁ። የአጥሩ እንጨቶች ከሥራቸው ነድደው፣ ጉማጆቹ ሽቦው ላይ ተንጠልጥለው ይወዛወዛሉ። አጥሩ ሥር ከብቶቹ ተደራርበው ወድቀዋል። አንዲት ላም በሕይወት አለች፤ ጡቷ ተቃጥሎ ጥጃዋን አታስጠጋም። ባለቤቷ ሽማግሌ ናቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመው ያዩዋት ነበር። እርስዎን መሰሉኝ።

እሳቱ እንዴት እንደሄደ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ ከምዕራብ ነፈሰ፣ እሳቱም ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ኦክላሆማ ሮጠ። ቀጭን ሆኖ ረጅም። ሰዎቹ ፊት ፊቱን ሲከላከሉ ነፋሱ ከሰሜን ዞረ። ያን ጊዜ የእሳቱ ጎን በሙሉ ግንባር ሆነና ወደ ደቡብ ተመመ። «ነፋስ ሲዞር አንድ ሰው ቀርቶ መቶ ሰውም አይመልሰው» አሉኝ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሞተሩን ሳላስነሳ ብዙ ቆየሁ።

የዚያን ጥር ነገር ያውቁታል፣ አልደግመውም። የክርስትና አባቴ ክምር ሲነድ፣ እርስዎ ሽማግሌ ፊት ቆመው «ልጁ ተኝቶ ነው» አሉ። ቀዩን በሬ ሰጡ። ከዚያ እኔን አዲስ አበባ ለአጎቴ ሰደዱኝ።

አልተኛሁም፣ አባባ። ጠዋት ዳሩን ለኩሰው ሲሄዱ ነፋሱ ወደ ገደሉ ነበር፤ ገለባ በትነው አሳይተውኛል። ፀሐይ ከፍ ስትል ዞረ። ቅጠል ይዤ ስመታው ነበር። ተኝቼ ቢሆን መዳፌ እንዴት ይቃጠላል? እናቴ ቅቤ ስትቀባኝ እርስዎ መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር። አይተውታል። የ10 ዓመት ልጅ ነበርሁ፣ የሚናገርልኝ ስጠብቅ ነበር። ጠባሳው አሁንም መሪ ስይዝ ይታየኛል።

በሬው አሳዝኖዎት ይሆናል፣ አፍረውም ይሆናል። ይገባኛል። አሁን እኔም ልጆች አሉኝ። ግን ትንሹ ሲያጠፋ ለመቆጣት አፌን እከፍትና መጀመሪያ እጁን አያለሁ።

እህቴ ስለ ጋቢው ስትነግረኝ መጀመሪያ የመጣብኝ የእርስዎ መቃጠል አልነበረም። «ሳንነጋገር» ብዬ ነው የደነገጥሁት። አፍሬበታለሁ። ቢሆንም ይወቁት ብዬ ነው የጻፍሁት።

እንግዲህ ዳሩ መቃጠል ካለበት ማለዳ ይሁን፣ ነፋስ ሳይነሣ። መጀመሪያ ዙሪያውን ይረስ፣ እሳቱ ባዶ አፈር ሲያገኝ ይቆማል። ውሃና ሰው ይኑር። ክብሪቱን የያዘው ግን ሌላ ሰው ይሁን እንጂ እርስዎ አይሁኑ። የግፊት መድኃኒትዎ ካለቀ ለእህቴ ይንገሯት።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እደውላለሁ። ስልኩን ለእሷ አይስጡብኝ።

ልጅዎ