የቻርለስተን እስር ቤት ቁልፍ ዋሽንግተን አልነበረም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በአሜሪካ ደቡብ ወደቦች ለባርነት ስለተዳረጉ የውጭ አገር መርከበኞች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብበነዋል። ጉዳዩ መነሳቱ መልካም ሆኖ ሳለ፣ መርከበኞቹን ያስፈታው በብሪታንያና በዋሽንግተን (በአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት) መካከል የተደረገው የደብዳቤ ልውውጥ ነው መባሉ፣ የ1823ቱ የፍርድ ቤት ውሳኔም እንደ ድል መቆጠሩ ግን አያስኬድም። ደብዳቤው በእርግጥ ተጽፏል፤ መርከበኞቹን የሚያሳስረው ሕግ ግን ከዚያ በኋላ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርቷል።

ነገሩ የሚጀምረው የደቡብ ካሮላይና ክፍለ ግዛት በዲሴምበር 1822 (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ካወጣችው ሕግ ነው። በዚያው ዓመት ዴንማርክ ቬሲ የተባለ ከባርነት ነጻ የወጣ ጥቁር የባሪያዎች አመፅ ጠንስሷል ተብሎ በክፍለ ግዛቱ ወደብ በቻርለስተን ተሰቅሎ ነበር። በሕጉ መሠረት ወደብ በገባ መርከብ ላይ ነጻ ጥቁር ከተገኘ፣ ወጥ ቤትም ሆነ አስተናጋጅ፣ ሸሪፉ (የአካባቢው ሕግ አስከባሪ ሹም) አውርዶ ያስረዋል። መርከቡ ሲነሳ ካፒቴኑ የእስሩን ወጪ ከፍሎ ይወስደዋል። አልከፍልም ካለ ከ1,000 ዶላር የማያንስ መቀጮና ከሁለት ወር የማያንስ እስራት ይጠብቀዋል፤ መርከበኛው ደግሞ ባሪያ ተብሎ ይሸጣል። ሌላ ሰው ባልከፈለው የቀለብ ዕዳ ማለት ነው!

የብሪታንያው መልእክተኛ ስትራትፎርድ ካኒንግ በ1823 ለአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ለጆን ኲንሲ አዳምስ አቤት አለ፤ አዳምስም ችግሩ እንደሚወገድ ቃል ሰጠው። ብዙም ሳይቆይ ጃማይካ የተወለደው የብሪታንያ ተገዢ ሄንሪ ኤልኪሰን ቻርለስተን ላይ ታሰረ። ጉዳዩን ያየው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ዊሊያም ጆንሰን ሕጉ ከሕገ መንግሥቱም ሆነ ከብሪታንያ ጋር ከተገባው የንግድ ውል ጋር ይጋጫል ሲል በግልጽ ጻፈ። ሰውየውን ግን ሊያስፈታው አልቻለም። የ1789ኙ የፍርድ ቤቶች ሕግ የፌዴራል ዳኛ አካልን ነጻ እንዲያወጣ ሥልጣን የሰጠው በፌዴራል መንግሥት እጅ ላሉ እስረኞች ብቻ ነበርና፣ በክፍለ ግዛት ሸሪፍ የተያዘን ሰው አይነካም። በ1842 ሥልጣኑ ለውጭ ዜጎች ሲሰፋም፣ የሰፋው በመንግሥታቸው ትእዛዝ ለሠሩት ድርጊት ለተያዙት ነው። የንግድ መርከብ ወጥ ቤት ከዚህ ውስጥ አይገባም።

የዋሽንግተን አቋምም አልጸናም። የፌዴራሉ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ዊሊያም ዊርት በ1824 ሕጉን ሲያወግዝ፣ ተተኪው ጆን ቤሪየን በ1831 ሕጉን ደገፈ። በመካከሉ ጆርጂያና ሰሜን ካሮላይና ተመሳሳይ ሕግ አወጡ፤ ሉዊዚያናም በ1842 ተከተለች።

ጽሑፋችሁ የዘለለው ትልቁ ነገር ጊዜ ነው። ቆንስል (በወደቡ የተቀመጠ የመርከበኛው አገር ወኪል) የሚጠቅመው መርከቡ መልሕቁን ሳያነሳ ነው፤ ያኔ ካፒቴኑን አስገድዶ ሒሳቡን ማስከፈል ይችላል። ሰውየው ከተሸጠ በኋላ ግን በደቡብ ካሮላይና የ1740 ሕግ መሠረት ጥቁር ሁሉ ባሪያ እንደሆነ ይገመታል፤ ነጻ ነኝ ባዩ ማስረጃ ማቅረብ አለበት። ክሱንም በራሱ ስም ሳይሆን በሞግዚት በኩል ነው የሚያቀርበው። አብረውት የቀዘፉ ጥቁር ባልደረቦቹ ቢገኙ እንኳ፣ በነጭ ላይ መመስከር አይችሉም።

በመጨረሻ መንገድ የከፈተው በቻርለስተን የብሪታንያ ቆንስል የነበረው ጆርጅ ማቲው ነው። በ1850ዎቹ መጀመሪያ ዋሽንግተንን ትቶ በቀጥታ ከክፍለ ግዛቱ ገዢና ምክር ቤት ጋር ተነጋገረ። በ1852 ማዕበል ወደ ወደቡ ያስገባትን የጃንሰን መርከብ ባልደረባ፣ ማኑኤል ፔሬራን፣ ለማስፈታትም ወደ ክፍለ ግዛቱ ፍርድ ቤት ሄዶ ተረታ። አካሄዱ አከራካሪ ነበር፤ አንድን ክፍለ ግዛት እንደ ሉዓላዊ አገር መቁጠር ለደቡቦቹ ትልቅ ስጦታ ነውና። እርሱን የተካው ሮበርት በንች ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያንኑ ሥራ ቀጠለ። በ1856 ሕጉ ተሻሽሎ፣ ዋስትና ከተያዘላቸው መርከበኞቹ ሳይታሰሩ በመርከባቸው ላይ እንዲቆዩ ተፈቀደ። ወደ ከተማው መውጣት ግን አሁንም ክልክል ነበር።

ስለዚህ የ1823ቱ ፍርድ እንደ ድል የተጠቀሰበት አንቀጽ በሚቀጥለው እትም እንዲታረም በአክብሮት እንጠይቃለን።

የጋዜጣው አንባቢዎች