ጥቃቅን መሣሪያዎችን ለመንደፍ ግዙፍ ኮምፒውተር የግድ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ጥቃቅን ኤሌክትሮሜካኒካል መሣሪያዎች፣ በባለሙያዎች አጠራር ስለ ሜምስ፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አንብቤዋለሁ። ስልካችንን ስናጋድመው ስክሪኑ እንዲዞር የሚያደርገውን ዳሳሽ በሚገባ አስረድቷል። ሆኖም እንዲህ ያለውን መሣሪያ መንደፍ ግዙፍ ኮምፒውተር ለሌለው የማይሞከር ነው የሚለው አንቀጽ መታረም ያለበት ይመስለኛል።

ንድፉ የሚጀመረው ከኮምፓክት ሞዴል፣ ማለትም የመሣሪያውን ጠባይ በጥቂት ቀመሮች ጠቅልሎ ከሚይዝ ስሌት ነው። በሞላ (በስፕሪንግ) የተንጠለጠለ፣ እያንዳንዱ ጎኑ 100 ማይክሮሜትር የሆነ ዝርግ ሳህን፣ ከሥሩም በ2 ማይክሮሜትር ርቀት የማይንቀሳቀስ ሌላ ሳህን አለ እንበል። ቮልቴጅ ሲሰጠው የላይኛው ወደ ታች ይሳባል። የሞላው ጉተታ የሚያድገው ሳህኑ በወረደው ልክ ብቻ ሲሆን፣ የኤሌክትሪኩ ስበት ግን ክፍተቱ በግማሽ ሲጠብ አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ ሳህኑ የክፍተቱን አንድ ሦስተኛ እንዳለፈ ሞላው ይሸነፋል፤ ሳህኑም በድንገት ወርዶ ይለጠፋል። የሞላው ጥንካሬ በሜትር 1 ኒውተን ቢሆን ይህ የሚደርሰው በ5.2 ቮልት ገደማ ነው። ክፍተቱ በእጥፍ ቢሰፋ ደግሞ ቮልቴጁ 2.8 እጥፍ ያህል እንደሚያድግ ያው አንድ መስመር ቀመር ወዲያው ይናገራል።

ተማሪ ሳለሁ ተመሳሳይ ሳህን በሺዎች ክፍልፋዮች ከፋፍሎ የሚያሰላ ፕሮግራም ከፍቼ አደርኩ፤ ሊነጋ ሲል መብራት ጠፋና የሌሊቱ ሥራ ሁሉ ከንቱ ቀረ። በማግሥቱ ደብተሬ ላይ በእጄ ያሰላሁት ቮልቴጅ፣ በኋላ ኮምፒውተሩ ከሰጠኝ ብዙም አልራቀም።

ሳህኑን በሺዎች የሚከፋፍለው ዝርዝር ስሌት አያስፈልግም አላልኩም። የሳህኑ መጉበጥ፣ በተለይም በጠባቡ ክፍተት ተጨምቆ እንቅስቃሴውን የሚገታው አየር፣ ያለ እሱ በትክክል አይገመቱም። ነገር ግን ዋናው ጥቅሙ የኮምፓክት ሞዴሉን ቁጥሮች ማረም ነው። የታረመው ሞዴል፣ ክፍሎቹ እንደ ኤሌክትሪክ ሰርኪዩት ክፍሎች፣ ማለትም የሳህኑ መጠነ ቁስ እንደ ኢንደክተር፣ ሞላው እንደ ካፓሲተር፣ አየሩ እንደ ሬዚስተር ተቆጥረው፣ መሣሪያውን ከሚያንቀሳቅሰው የኤሌክትሮኒክስ ሰርኪዩት ጋር በአንድነት፣ ስፓይስ በተባለው የሰርኪዩት ማስሊያ ፕሮግራም ይፈተሻል። ስፓይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ሲሆን፣ ከእርሱ የወጣው ኤንጂስፓይስ ዛሬ በነፃ ይገኛል፤ በተራ ላፕቶፕም ይሠራል።

ማምረቻው ውድ መሆኑ እውነት ነው። ንድፉ ግን ተማሪዎቼ በዚህ ሴሚስተር በወረቀትና በላፕቶፕ እየሠሩት ያለ ነገር ስለሆነ፣ አንቀጹን በሚቀጥለው እትም እንድታስተካክሉልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የኤሌክትሪካል ምህንድስና መምህር፣ አዲስ አበባ