ኔትወርክ በጠፋ ሰሞን

አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 4 ቀን 2012 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ቤተሰብስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእናትህን ለቅሶ ሳልደርስ ከቀረሁ ወዲህ ስልኬን አንስቼ ስምህ ላይ ስደርስ እያፈርኩ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ይኸው ኢንተርኔት ከተዘጋ 11 ቀን ሆነው፤ እጄ ሥራ ሲፈታ ወረቀት አነሳሁ።

መጋቢት 7 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሒሳቡም የፊዚክሱም መምህር ኖቱን ፎቶ እያነሳ ቴሌግራም ላይ ለቀቀ። የስፖርት አስተማሪ ምን ይልቀቅ? ሜዳውን? (ሳቅህ ይሰማኛል።) እኔም ሶፋውን ገፍቼ፣ ባለቤቴ እየቀረጸችኝ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ገመድ ስዘል ከሥራችን ያሉት እማማ ጣሪያቸውን በመጥረጊያ እንጨት ይደበድቡት ጀመር። ዝላዩ ቀረና ስኳትና ፑሽ አፕ ሆነ። ለክብደት ውሃ የተሞላ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ፣ በግራ አንድ በቀኝ አንድ።

ቪዲዮ ላኩ ስላቸው አንዱ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ በሦስት ሳምንት ሦስት ላከ። ካናቴራው ይቀያየራል፤ የግድግዳው ሰዓት ግን ሁሌ 4:20 ነው። በአንድ ቀን ቀርጾ አታለለኝ ብዬ ደውዬ ስቆጣው «ቲቸር፣ ሰዓቱ እኮ ባትሪ ጨርሷል» አይለኝም! እውነቱን ነበር።

ያሳፈረችኝ ግን ሌላ ናት። አንድም ቪዲዮ አልላከችም፤ ዜሮ ልሰጣት ስል በሹክሹክታ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ፤ «ቤታችን አንድ ክፍል ነው፣ ስድስት ነን። ማን ፊት ልዝለል? ፓኬጅም የለኝም።» ለካ ማርክ ስሰጥ የከረምኩት ለሳሎን ነው።

ቪዲዮውን ተውኩት። ኮተቤ እያለን እንደምናደርገው፣ ሁለት ጣት አንገት ላይ፣ 15 ሴኮንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት፤ ከሥራው በፊትና በኋላ የልብ ምቱን በቴክስት ይልካሉ። አንዱ 131 ብሎ ላከ። 131 ለ4 አይካፈልም፤ ጋደም ብሎ የፈጠረው ነው። ልጅቷ 72 እና 148 ላከች። ሁለተኛውን የቆጠረችው ከቦኖ ጄሪካን ተሸክማ እንደገባች ነው። ሙሉ ማርክ ሰጠኋት፤ ቢሮ የሚጠይቀኝ ካለ ይጠይቀኝ።

ይህን ወደ ሐዋሳ የሚወርድ ዘመዴ ያደርስልሃል። መንገዱ ሲረጋጋ እመጣለሁ። ሌላው ሁሉ ይቆይና መጀመሪያ እናትህ ያረፉበት ትወስደኛለህ።

ያው ወንድምህ