አንገት እንደ ወለምታ አይታሽም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ አንገት ሕመም ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ፣ ቀጥሎ ተናድጄ። ኦስቲዮፓቶችን፣ ጡንቻና መገጣጠሚያን በእጅ የሚያክሙትን ባለሙያዎች፣ “የፈረንጅ ወጌሻዎች” ብላችኋቸዋል፤ ሥር የሰደደ የአንገት ሕመምንም “ይፈውሳሉ” ብላችኋል። ሌላውን ሁሉ ብተው እንኳ፣ “ወጌሻ” ያላችሁትን ግን አልተውም። ያቺ ቃል ቤቴ ድረስ ገብታ ጉድ ሠርታለች።

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሹሩባ ስሠራ 14 ዓመቴ ነው። ቀጭን ሹሩባ የምትፈልግ ደንበኛ ከመጣች አምስት ስድስት ሰዓት አንገቴን ደፍቼ እቆማለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ግራ አንገቴን ያዘኝ፤ በዚያው አልለቅ አለኝ። መኪና ወደ ኋላ ሳወጣ እንኳ ዞር ማለት አቅቶኝ በመስታወት ብቻ ነበር የምነዳው። እናንተ ግን “የቢሮ ሰው በሽታ” ብላችሁ ላፕቶፕ ፊት የተቀመጠች ሴት ፎቶ ለጠፋችሁ። ሽሮ ሜዳ ጎንበስ ብሎ ሲሸምን የሚውለው፣ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርደው፣ እኛ ሹሩባ ሠሪዎቹ አንገት የለንም?

ወደ ቃሏ ልመለስ። እኔን ያከሙኝ ሰው ዲ.ኦ. ናቸው፤ የኦስቲዮፓቲ ዶክተር ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ ዲ.ኦ. ሙሉ ሐኪም ነው። በ50ዎቹም ግዛቶች እንደ ኤም.ዲ.፣ እንደ ሌላው የሕክምና ዶክተር፣ መድኃኒት ያዛል፣ ቀዶ ሕክምና ይሠራል። የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት አንድሩ ቴይለር ስቲል የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1892 ሚዙሪ ውስጥ፣ ኪርክስቪል ላይ ከፈተ። እንግሊዝ አገር ያለው ኦስቲዮፓት ግን ሐኪም አይደለም። ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ ሕግ አለበት፤ ሳይመዘገብ በስሙ መጠራት አይችልም። ዘገባችሁ ሁለቱን ጨፍልቆ አንድ አደረጋቸውና ወጌሻ አላቸው።

ሐኪሜ አንገቴን ከመንካታቸው በፊት ብዙ ጠየቁኝ። ጣቶቼ ይደነዝዙ እንደሆነ፣ ወድቄ እንደማውቅ፣ ያዞረኝ እንደሆነ። እጃቸውን ጨብጬ እንድጨምቅ አደረጉኝ። ከዚያ በጀርባዬ አስተኝተው ጣቶቻቸውን ማጅራቴ ሥር፣ አንገቴና ጭንቅላቴ የሚገናኙበት ላይ አሳርፈው ዝም አሉ። ቆይተው ራሴን በቀስታ ወደ እጃቸው እንድገፋ አዘዙኝ። ገፋሁ፤ እሳቸው ያዙት። ልቀቂ ሲሉኝ ለቀቅኩ፤ ጡንቻዬ ሲላላ ትንሽ አዞሩት። ቀጭ የሚል ነገር የለም። የሚጠመዘዝም የለም።

ተፈወስኩ? አልተፈወስኩም። ከስድስት ቀጠሮ በኋላ ሕመሙ ረገበ፣ እንቅልፌ ተመለሰ። ጠዋት ጠዋት የሚያሠሩኝን እንቅስቃሴ ሳቋርጥ ግን ይነሳብኛል። ጥናቱም ከዚህ ብዙ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው፣ ኦስቲዮፓቲ ለሰነበተ የአንገት ሕመም ያለውን ጥቅም የገመገመው ሥራ ያገኘው ሦስት ሙከራ ብቻ ነው። ታካሚዎቹ ቢደመሩ 123 ናቸው። ሕመሙን እንደሚያስታግስ አሳይቷል፤ ደህና ውጤት ነው፣ እኔም ምስክር ነኝ። ግን 123 ሰው አንድ ዕድር አይሞላም። ገምጋሚዎቹ ራሳቸው ተለቅ ያሉ ጥናቶች ያስፈልጋሉ ብለዋል። ታዲያ “ይፈውሳሉ”ን ከየት አመጣችኋት?

አዲስ አበባ ያለችው ታላቅ እህቴም አንገቷን ያማታል። ዘገባችሁን አንብባ ደወለችልኝ። “ለወጌሻ ነው እንዴ ያን ሁሉ ዶላር የምትከፍዪው? እኛ ሰፈር ሞልቶ!” አለችኝ። በነጋታው ሄደች። ሰውዬው ቅቤ ቀብቶ አሻት፤ ከዚያ አገጯን ይዞ ድንገት ጠመዘዘው። ሦስት ቀን ከአልጋ አልወረደችም። ስትነሳም ያዞራት ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አሁን ደህና ናት።

ወጌሻ አልንቅም። ልጅ ሆኜ የወለቀ ክንዴን የመለሱልኝ የሰፈራችን ወጌሻ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር። አንገት ግን ክንድ አይደለም። ወደ አንጎል ደም ከሚወስዱት ቧንቧዎች ሁለቱ የሚያልፉት በአንገት አጥንቶች ቀዳዳ ውስጥ ነው። አንገት ድንገት ሲጠመዘዝ ቧንቧው ሊቀደድና ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። የሚያጋጥመው ከስንት አንዴ ነው፤ በሠለጠነ እጅም አጋጥሟል። ሐኪሜ ያን ሁሉ ጥያቄ የጠየቁኝ ለዚህ ነው። በዘገባችሁ ውስጥ ስለዚህ አንድ መስመር የለም። አንድ መስመር ብትጽፉ ኖሮ እህቴ አትሄድም ነበር።

እባካችሁ አርሙት። “ወጌሻ” የሚለውን አውጡ። “ይፈውሳሉ” ያላችሁትን “ሕመም ሊያስታግሱ ይችላሉ” በሉት። ጣቱ የሚደነዝዘው፣ የሚያዞረው ሰው አንገቱን ከማስነካቱ በፊት ሐኪም ይየው ብላችሁም ጨምሩበት። እኔ ስነግራት እህቴ “አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ” ነው የምትለኝ። እናንተን ግን ታምናለች፤ ከእናንተ ታንብበው።

ሹሩባ ሠሪዋ
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ